«የእኔ» ብላችሁ ለላካችሁልኝ ሁሉ

ካላንደሬን ስከፍት በግራ በኩል የሚደረደረው ይኸው ነው፦ «ካላንደር»፣ «ካላንደር»፣ «የእኔ»፣ «ፐርሰናል»፣ «ሆም»፣ «ኒው ካላንደር»፣ «ኒው ካላንደር 2»፣ «ዎርክ»፣ «ዎርክ ፋይናል»። አንዱንም እኔ አልሰየምኩትም። ከባልደረባ፣ ከዘመድ፣ ከልጅ ትምህርት ቤት እየተላኩ የተከማቹ ናቸው። «የእኔ» የሚለው የአክስቴ ልጅ ነው። እሷ ላፕቶፕ ላይ ሳለ ምንም አይወጣለትም፤ የእሷ ነዋ! እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን «የእኔ» እኔ ሆንኩና የእሷ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ እኔን እየጮኸ ከሥራዬ ያስነሳኛል። ፋርማሲ ሄዳችሁ ጠርሙሱ ላይ «መድኃኒት» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ቢሰጣችሁ ትጠጡታላችሁ? እኔ በየቀኑ እየጠጣሁ ነው። በቃኝ።

ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። «ስም ምን ያደርግልሃል፣ ቀለሙን አይተህ አትለየውም?» ይለኛል። ቀለም የሚያገለግለው የማን መሆኑን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ደግሞም ቀለሙን ሁሉም በየማሽኑ እንደ ፈቀደ ይለውጠዋል። በስልክ «ቀዩን እየው» ስትሉኝ የእናንተ ቀይ እኔ ጋ ቡናማ ነው። ሳምንቱን በቢሮ ፕሪንተር አትማችሁ ግድግዳ ላይ ስትለጥፉት ደግሞ ሁሉም ግራጫ ሆኖ ያርፈዋል። ቀለም መለየት የሚቸግረው ሰውማ ከናካቴው አልታሰበም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከላይ ነው። ካላንደር ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሚሻገርበት «አይካላንደር» የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ በኢሜይል የሚመጡላችሁ የ«አይ ሲ ኤስ» ፋይሎች ሁሉ በእሱ ነው የሚጻፉት። የመጀመሪያው ሰነድ፣ አር ኤፍ ሲ 2445፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሰነዱ ፋይሉን የፈጠረው ሶፍትዌር ማንነቱን እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል፤ ያለዚያ ፋይሉ ትክክለኛ አይደለም። ካላንደሩ ራሱ ማን እንደሚባል የሚጻፍበት ቦታ ግን አላበጀም። አስቡት፣ አምራቹ ስሙን በግድ ያጽፋል፤ የእናንተ የቀጠሮ መዝገብ ግን ስም የለውም! በ2009 ሰነዱ ታድሶ አር ኤፍ ሲ 5545 ተባለ። አሁንም ቦታ የለም። በመካከሉ የሶፍትዌር ቤቶቹ ከደረጃው ውጪ በራሳቸው ፈቃድ «ኤክስ ደብልዩ አር ካልኔም» የሚባል መስመር እየጨመሩ ሲያልፉት ኖሩ። ለስምና ለቀለም በሕግ ቦታ የተሰጠው በ2016፣ በአር ኤፍ ሲ 7986 ነው። 18 ዓመት! በዚያ ሁሉ ዘመን ስብሰባ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከወሩ በመጨረሻው ዓርብ፣ ከዚህ ቀን በቀር ተብሎ እንዴት እንደሚደጋገም እስከ ጥግ ተተንትኗል። ስም የማንም ሐሳብ አልነበረም።

ባለሙያዎቹ ችላ ያሉትን ነገር ሻጮቹ በራሳቸው ቃል ሞሉት። የአፕል «አይካል» በ2002 ሲወጣ ሁለት ካላንደሮች አዘጋጅቶ ነበር፦ «ሆም» እና «ዎርክ»። ተንደርበርድን አዲስ ስትጭኑ የምታገኙት «ሆም» ነው። አውትሉክ የሚሰጣችሁ «ካላንደር» የሚባል ካላንደር ነው፤ ለዚህ እንኳ ያሰበ ሰው ያስፈለገ አይመስለኝም። እኛም የተሰጠንን ስም ሳንነካ፣ ለሰው ሼር እያደረግን፣ ዓመት በዓመት ላይ እየደረብን እንኖራለን።

ቤትና ሥራ! እስቲ የአንድ አዲስ አበቤን ወር በእነዚህ ሁለት ከረጢቶች ክተቱልኝ። ዕድር የት ይገባል? ቤት አይደለም፤ ቤት ቢሆን ኖሮ ሲያመኝ እቀር ነበር፣ ዕድር ግን ከቀረሁ ይቀጣኛል። ሥራም አይደለም። ዕቁብስ? ዕጣው የሚወጣበት እሑድ መዝናኛ ነው ወይስ ፋይናንስ? የጽዋ ማኅበሩ፣ ተረኛው እኔ በሆንኩበት ወር ቤት ነው፤ በሌላው ወር የሰው ቤት ነው። ለቅሶ ደግሞ በየትኛውም ካላንደር አስቀድሞ አይጻፍም፣ ግን ሲመጣ ሁሉንም ይሽራል። ይህን ሕይወት ለሁለት ከፍለው የላኩልን ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ የሚያውቁት ሕይወት ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ነው። እኛ ግን ለምን እሺ አልን?

«ሥራ» የሚለው እንኳ በእኛ ቢሮዎች አንድ ሆኖ አያውቅም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በፈረንጅ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 መሆኑ ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው የውጭ ድርጅት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይቆጥራል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሁለቱንም «ዎርክ» ውስጥ አንድ ላይ ጨምራ «ሪፖርት» ብላ ትጽፋለች። የትኛው ሪፖርት? ለማን? በማን ዓመት? ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰው በቢሮ ውስጥ የሚያድረው በሥራ ብዛት ብቻ ይመስላችኋል?

የእኔ ክርክር አንድ ነው፦ ካላንደር የሚከፈለው በጉዳዩ ዓይነት ሳይሆን በአዛዡ ነው። ይህን ቀጠሮ ማዛወር የሚችለው ማን ነው? መልሱ አንድ ሰው ወይም አንድ አካል ከሆነ አንድ ካላንደር ነው፤ ስሙም የእሱ ስም ነው። «ዕድር፣ ጸሐፊው»። «ክፍል 4ለ፣ ትምህርት ቤት»። «ለጋሽ ሪፖርት 2026 እ.ኤ.አ.»። «እኔ ብቻ»። አዎ፣ «እኔ ብቻ» የሚባል አለኝ፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አያዛውረውም፤ ጠዋት ተነሥቼ ብሰርዘው የምጠይቀው ሰው የለም። በዚህ ስትከፋፍሉት አንድ ነገር ወዲያው ይታያል፦ ከሳምንታችሁ ውስጥ በእጃችሁ ያለው ስንቱ እንደሆነ። እኔ ሳየው ደስ አላለኝም፣ ግን ቢያንስ ሁለት ቀጠሮ ሲጋጭብኝ ለማን እንደምደውል አውቃለሁ። ከዕድሩ ጋር የተጋጨ ስብሰባ ቢኖር የሚዛወረው ስብሰባው ነው። «እኔ ብቻ» ከማንኛውም ጋር ቢጋጭ የሚሸነፈው ያው የታወቀ ነው።

«ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? አንድ ካላንደር ይበቃል፣ የቀረውን ፍለጋው ያገኘዋል» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ከማንም ጋር ቀናቸውን ተካፍለው አያውቁም። አንድ ብቻ ያለው ሰው ለባልደረባው ሼር ሲያደርግ ወይ ሁሉንም ያሳያል ወይ ሁሉንም ይደብቃል። የሐኪሙ ቀጠሮ ከቦርድ ስብሰባው አጠገብ ቁጭ ይላል። በሌላው ጫፍ ያሉት ደግሞ ይብሳሉ፦ «ጂም»፣ «ውሃ መጠጣት»፣ «ንባብ»፣ «ሐሳብ»፣ «ሐሳብ ሁለት»። ይህ ካላንደር አይደለም፣ ምኞት ነው። ሁሉንም የሚያዝዝ አንድ ሰው ነውና አንድ ላይ ይግቡ።

አሁን ደግሞ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የአንዳንዱ ካላንደር አዛዥ ሰው አይደለም፣ ወሩ ራሱ ነው። ማኅበራችን በ12፣ በሚካኤል ነው። ሶፍትዌሩን «በየወሩ ድገመው» ስትሉት የሚያውቀው የራሱን ወር ነው። መስከረም 12 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 22 ይውላል፤ ጥቅምት 12 ኦክቶበር 22፤ እስካሁን ሰላም ነው። ኅዳር 12 ግን ኖቬምበር 21 ነው፤ ማሽኑ 22 ብሎ በማግስቱ ይጠራችኋል። ከዓመቱ ሁሉ መርጦ ኅዳር ሚካኤልን! ብልጦች «በየ30 ቀኑ» ብለው ያስገቡታል፤ ወሮቻችን ሁሉ 30 ስለሆኑ እስከ ነሐሴ 12 ድረስ እንከን የለውም። ከዚያ ጳጉሜ ትመጣለች፤ ቀጣዩ ድግግሞሽ መስከረም 7 ላይ ይወድቃል፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 6 ላይ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስሕተት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ከስሙ ጋር የተያያዘ ነው። ማኅበሩን ከሌላው ለይታችሁ ለብቻው ካላንደር ክፈቱለት፤ ስሙን «ሚካኤል 2018» በሉት፤ ድግግሞሹን በየ30 ቀኑ አድርጋችሁ 12 ጊዜ ብቻ ብላችሁ ቁረጡት። ዓመቱ ሲያልቅ ያው ስሙ ላይ ያለው ዓመት ያሳብቅበታል፤ ትዘጉትና «ሚካኤል 2019» ትከፍታላችሁ። ይህ ሁሉ ከ«ሆም» ጋር ተቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ ከልጆች ልደት መሐል አንድ በአንድ መልቀም ነበር።

እንዲህ መንጠላጠል ግን አይገባንም ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው አር ኤፍ ሲ 7529 ድግግሞሽ ከግሪጎርያን ውጪ በሆኑ አቆጣጠሮችም እንዲጻፍ ፈቅዷል። ከምሳሌዎቹ አንዱ የእኛው ነው፤ የ13ኛው ወር የመጀመሪያ ቀን፣ ከሴፕቴምበር 6 ቀን 2013 ጀምሮ፣ ማለትም ከጳጉሜ 1 ቀን 2005። የደረጃ ሰነዱ ውስጥ ጳጉሜ በስሟ ባይሆን በቁጥሯ ገብታለች! የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሰላ ኮድም «አይ ሲ ዩ» በሚባለው፣ ብዙ ሶፍትዌር በሚጠቀምበት ነፃ የኮድ ስብስብ ውስጥ አለ። ሒሳቡ አለ፣ ደረጃው አለ፤ እኔ በምከፍታቸው የዴስክቶፕ ካላንደሮች ውስጥ ግን «በየወሩ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ምርጫ ፈልጌ አላገኘሁም። የቸገረው ጠያቂ መጥፋቱ ነው። ዊንዶውስ ላይ የአዲስ አበባን ሰዓት የምንመርጠው «ናይሮቢ» የሚለውን ጠቅ አድርገን አይደል? ማን ተቆጣ?

በዓላትንም በእጃችሁ «በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11» ብላችሁ ዋናው ካላንደር ላይ አትትከሉ። በ2023 እንቁጣጣሽ 12 ላይ ነበር፤ በ2027ም 12 ላይ ነው። ጥምቀትም ተከትሎ በ2024 ጃንዋሪ 20 ላይ ዋለ። ገና ግን ጃንዋሪ 7 ላይ ችክ ብሎ ቀረ፤ በዚያ ዓመት በእኛ ታኅሣሥ 28 ማለት ነው። አንዱ በዓል የሚሄደው በዚህ፣ ሌላው በዚያ ነው። የሚያውቅ አካል ያወጣውን የበዓላት ካላንደር በሊንክ አያይዙት፤ ስሙን «በዓላት» በሉት፤ ተውት።

«አያይዙት» ያልኩት በምክንያት ነው። ኢምፖርት ማድረግና ሰብስክራይብ ማድረግ ለየቅል ናቸው። ኢምፖርት ቅጂ ነው፤ ላኪው ነገ ቢያርመው እናንተ ጋ የቀረው አሮጌው ነው። ሰብስክራይብ ያደረጋችሁት ግን ከምንጩ ጋር ተያይዞ ይታደሳል። ፋይሉ በኢሜይል ሲመጣ ሰው ሁለቴ ጠቅ ያደርጋል፤ ሶፍትዌሩ «የት ላስገባው?» ብሎ ሳጥን ያወጣል፤ ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተቀመጠው ዋናው ካላንደር ነው። ሰውየው «ኦኬ» ይላል። የልጁ ትምህርት ቤት የዓመት መርሐ ግብር ከነፈተናው ከነወላጅ ስብሰባው በአንድ ጊዜ የራሱ ቀጠሮዎች ላይ ይዘረገፋል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ባዶ ካላንደር ክፈቱ፣ ስም ስጡት፣ ፋይሉን እዚያ አስገቡ። ከተበላሸ ካላንደሩን ማጥፋት ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ተዉት፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ማስያዣ ካላንደር ነበረው። «አዳራሽ» ይባላል። የከፈተችው ሠራተኛ ለቀቀች፤ የተካት ልጅ አዲስ ከፈተና ስሙን ምን አለው? «አዳራሽ»። ግማሹ ሠራተኛ በአሮጌው ይይዛል፣ ግማሹ በአዲሱ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከክልል የመጡ ሠልጣኞችና የጨረታ ኮሚቴው በሩ ላይ ተፋጠጡ። ሁለቱም ወገን ስክሪኑን እያሳየ ይምላል፣ ሁለቱም እውነቱን ነው። ሠልጣኞቹን ይዤ የመጣሁት እኔ ነበርኩ። ኃላፊው መጣና «የሲስተም ችግር ነው» አለ። ሲስተሙ ምን በደለ? ሁለት ነገር በአንድ ስም የጠራው ሰው ነው። አሮጌውን ለማጥፋትም ማን ይድፈር፤ ስማቸው አንድ በሆነበት የትኛውን እያጠፋህ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? በዚያ ላይ «ከዝርዝሬ ይውጣ» እና «ይጥፋ» የሚሉት ትእዛዞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው የእናንተን ዓይን ነው የሚጋርደው፤ ሁለተኛው፣ ባለቤቱ እናንተ ከሆናችሁ፣ የሁሉንም ሰው ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የለቀቀ ሰው ካላንደር ለሚተካው ይተላለፍ፤ ካልተላለፈ ስሙ «አዳራሽ፣ ተዘግቷል» ተብሎ ይቀየር። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስም ስታወጡ ደግሞ አማርኛው የሚፈልገውን ጥንቃቄ አድርጉ። «የቤት»፣ «የሥራ»፣ «የዕድር»፣ «የልጆች» ብላችሁ ስትጽፉ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ከተደረደረ ሁሉም «የ» ሥር ተኮልኩሎ ይቀመጣል። «የ»ን ጣሉት። የግራው አምድ ጠባብ ስለሆነ ረጅም ስም መሐል ላይ ይቆረጣል፤ «የአዲስ አበባ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የ…» የሚሉ ሦስት መስመሮች አይቼ አውቃለሁ፣ ሦስቱም እዚያው ነጥብ ነጥብ ላይ ሞተዋል። የሚለየው ቃል ከፊት ይምጣ። በላቲን የተጻፉትና በግዕዝ ፊደል የተጻፉት ሲቀላቀሉ የእኛው ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህ የሚያናድደው ከፊቱ ቁጥር ያስገባ። አር ኤፍ ሲ 7986 አንድ ካላንደር በተለያዩ ቋንቋዎች የተለያየ ስም እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ዋሽንግተን ለተወለደው የእኅቴ ልጅ በእንግሊዝኛ፣ ለእናቱ በአማርኛ የሚታይ አንድ ካላንደር በሕግ ይቻላል ማለት ነው። በተግባር የሚያሳየኝን ሶፍትዌር እየጠበቅሁ ነው።

ስሙ የት እንደሚቀመጥም እወቁ። ተንደርበርድ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ቀጠሮዎች በአንድ የመረጃ ቋት ፋይል፣ የካላንደሮቹን ስም ደግሞ በሌላ የምርጫዎች ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። የሚያገናኛቸው ረጅም የመለያ ቁጥር ብቻ ነው። ላፕቶፕ ስትቀይሩ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን ብትተዉ ቀጠሮዎቹ ቋቱ ውስጥ አሉ፣ ግን የማን እንደሆኑ የሚናገር የለም። ሙሉውን ማኅደር ገልብጡ። በኔትወርክ ያያያዛችሁትን ካላንደር እዚያው ስሙን ብትቀይሩት ደግሞ የሚቀየረው እናንተ ጋ ብቻ ነው። «አዲስ ስም አውጥቼለታለሁ እኮ» የሚለኝ ባልደረባዬ ይህን ይስማ፦ እኔ ጋ አሁንም «ኒው ካላንደር 2» ነው።

ለሶፍትዌር ሠሪዎቹ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። አዲስ ካላንደር ሲከፈት የስሙን ሳጥን ባዶ አድርጉት፤ «ሆም» ብላችሁ አትሙሉልን። ባዶውን ይዞ ለማለፍ የሚሞክርን ሰው አታሳልፉት። ሼር ሊያደርገው ሲል «ይህ ስም ተቀባዩ ጋ ምን ሆኖ ይታየዋል?» ብላችሁ አሳዩት፤ «የእኔ» ብሎ ሊልክ የነበረ ሁሉ እዚያው ያፍራል። የመድገሚያው ዝርዝር ውስጥም የእኛን ወር ጨምሩ፤ ሰነዱ ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው።

ለላካችሁልኝ ደግሞ፦ እስከ መጪው እሑድ ማታ ስሙ ያልታረመ ካላንደር ከዝርዝሬ ይወጣል። የአክስቴ ልጅም ብትሆን፣ አለቃዬም ቢሆኑ። ቀጠሮ ቀረህ ብትሉኝ «የትኛው ካላንደር ላይ ነበር?» እላለሁ፣ እናንተም «ካላንደር» ትሉኛላችሁ፣ እዚያው ላይ እንጨርሳለን። የዕድራችን ጸሐፊ ብቻ አንድ ሳምንት ይጨመርላቸዋል፤ እሳቸው ቅጣት ይጥሉብኛል።